የአያንቱ ሳህን

ሰው ብቻውን ሲበላ ምን እንደሚመስል ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም፤ መስታወት ፊት ተቀምጬ በልቼ አላውቅማ። ግን እገምታለሁ። ብቻውን የሚበላ ሰው አንድም ይቸኩላል፣ አንድም ይዘገያል፤ ልክ በልኩ የሚበላ ከሰው ጋር የተቀመጠ ብቻ ነው። ከሰው ጋር የተቀመጠ ሰው እያወራ ይበላል፣ እየበላ ያወራል፣ በመካከሉ ወጡ ጨው ሲያንሰው ይቆጣል፣ ሲበዛበትም ይቆጣል። ብቸኛውስ ማንን ይቆጣል? ዝም ብሎ ይውጣል። እኔ እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዝም ብዬ የዋጥኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ሳህን ላወራችሁ የደፈርኩትም በዚሁ ልምዴ ተማምኜ ነው።

ስለ ትሪ ብዙ ደግ ነገር ሲባል ሰምታችኋል። ፍቅር ነው፣ መተሳሰብ ነው ይባላል። ነውም። ግን ይህን የሚሉት እጃቸው ትሪው መካከል የሚደርስላቸው ሰዎች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። እስቲ ለአንድ አፍታ የሁለት ዓመት ሕፃን ሁኑ። አገጫችሁ ከትሪው ጠርዝ ጋር እኩል ነው። በቀኛችሁ የአሥራ አራት ዓመት ወንድማችሁ እንደ ግሬደር እየጠረገ ይመጣል፤ በግራችሁ አጎታችሁ ወሬውን ሳያቋርጥ ከፊታችሁ ያለውን ወጥ ያነሣል። እናንተ አንዲት ቁራሽ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ አፋችሁ ለማድረስ ስትታገሉ ገበታው ከፍ ይላል። እናታችሁም «ልጄ በላ፣ ተመስገን» ትላለች። አልዋሸችም። ገበታው ላይ ነበራችኋ!

ይህን ያህል የማውቀው የልጅ አባት ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ላጤ ነኝ፤ ያን ጊዜም ላጤ ነበርኩ። በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፣ ሁለት ክፍል ባላት አንዲት ክሊኒክ ድሬሰር ሆኜ እሠራ ነበር። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ የወባ ክኒን እሰጣለሁ። ሰፈሩ ግን «ዶክተር» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ አርማቸው ነበር፤ ኋላ ተውኩት። ያለ ደብዳቤ የመጣ ሹመት እምቢ ያለ ሰው ደግሞ በዚያ ዘመን አልገጠመኝም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሕፃናት እመዝናለሁ። ሚዛኑ ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ከሥሩ የሸራ ሱሪ አለው፤ ሕፃኑ እግሮቹን በሱሪው ያስገባና አየር ላይ ይወዛወዛል፣ ይጮኻል። ጩኸቱ የጤና ነው። እኔ የምፈራው ተንጠልጥሎ ዝም የሚለውን ነበር። ኪሎውን ጮክ ብዬ አልናገርም። በኛ ሰፈር የልጅ ኪሎ በአደባባይ አይነገርም፤ የወፈረውን ዓይን ይበላዋል፣ የከሳውን እንደሆነ እናቱን ሐሜት ይበላታል። ስለዚህ በእርሳስ ካርዱ ላይ ነጥብ አደርግና ለእናቲቱ በጣቴ አሳያታለሁ። እሷም «እትፍ እትፍ» ብላ ልጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

ካርዱ ላይ ሽቅብ የሚወጡ ሁለት መስመሮች አሉ። በሁለቱ መካከል የሚሄድ ልጅ ደኅና ነው። ከታችኛው መስመር በታች የወረደ ልጅ ግን መዝገብ ይገባል፤ የከሱ ሕፃናት መዝገብ። መዝገቡ ስም ይጠይቃል፣ ዕድሜ ይጠይቃል፣ ኪሎ ይጠይቃል፣ በመጨረሻም «ምክንያት» የሚል ሦስት ጣት የማይሞላ ዓምድ አለው። እናንተዬ፣ የሰው ልጅ ለምን እንደሚከሳ በሦስት ጣት ስፋት ጻፍ ሲባል እስቲ ምን ይጻፋል? ሰፈሩን ብትጠይቁ ጥርስ ነው ይላል፣ ዓይን ነው ይላል፣ እናቲቱ በላዩ ላይ አርግዛበት ነው ይላል። ካድሬውን ብትጠይቁ ካለፈው ሥርዓት የተወረሰ ነው ይላችኋል፤ ልጁ የተወለደው አምና ቢሆንም። እኔ ከነዚህ ሁሉ የምሻል ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአውራጃው መመሪያ መጣ። ማንኛውም ሕፃን ጡት ሲተው የራሱ ሳህን ይኑረው፤ እናትየው ልጇ ምን ያህል እንደበላ የምታውቀው እንዲህ ሲሆን ነው ይላል። ካነበብኳቸው መመሪያዎች ሁሉ አእምሮ ያለው ሰው የጻፈው የመሰለኝ እሱ ብቻ ነው። የሴቶች ማኅበሯ ሊቀመንበር ጓዲት አስካለ በተፈጥሮዋ ሥራ የማታቆም ሴት ስለነበረች በቀበሌው ሱቅ በኩል ቆርቆሮ ሳህን አስመጣች። ንብረት እንዳይባክን ተብሎ በየሳህኑ ጀርባ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጻፈ። በአንድ እሑድ ጠዋት ቀበሌው ግቢ ስብሰባ ተጠራ፣ ሞንታርቦው ተተከለ፣ እኔም ነጭ ጋውኔን ለብሼ ወጣሁ።

ተናጋሪ ሆኜ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ንፋሱም አቧራውም አላቆመኝም። ስለ ትሪው፣ ስለ ወንድምየው፣ ስለ አጎትየው አሁን ለእናንተ ያወራሁትን ሁሉ አወራሁ፤ እናቶቹ ሳቁልኝ። ሲስቁልኝ ጊዜ ሞቅ አለኝ። አንዷን ሳህን ከፍ አድርጌ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሳህን ውስጥ ከሕፃኑ እጅ በቀር ማንም እጁን እንዳያስገባ!» አልኩ። ጓዲት አስካለ «ያስገባ ይጠየቃል!» ብላ ጨመረችበት። ተጨበጨበ።

ደግሞም ሠራ። ልጅ በሚበዛባቸው ቤቶች መስመሩ ሽቅብ ወጣ። ሰባት ሰው አንድ ትሪ ከሚከብበት ቤት የመጡ፣ ክንዳቸው እንደ ሰበዝ የቀጠኑ ልጆች በሦስት ወር ውስጥ ከመዝገቡ ወጡ። እውነቱን ለመናገር በመንገድ ስሄድ ትከሻዬ ሰፍቶ ነበር። ቤቴ ስገባ ደግሞ የራሴን ሳህን አወጣና፣ ማንም እጁን ሳያስገባበት፣ እበላለሁ።

ወርቄ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቦሎቄ ለቃሚ ናት። ናዝሬትን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ነጩ ቦሎቄ ለውጭ አገር ከመጫኑ በፊት በየመጋዘኑ በሴቶች እጅ ይለቀማል፤ ሰባራው ለብቻ፣ ደኅናው ለብቻ። ከጠዋት እስከ ማታ አጎንብሰው ሲለቅሙ ይውላሉ። ባሏ ለውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄዷል። እሱ እያለ ቤታቸው አማቷም ወንድሙም የሚኖሩበት ሙሉ ቤት ነበር፤ እሱ ሲሄድ ወንድሙ እርሻውን ልይ ብሎ እናቱን ይዞ አቦምሳ ገባ። ወርቄ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ከሆናት ልጇ ከአያንቱ ጋር ቀረች። ይህ ሁሉ የሆነው ሳህን በታደለበት በዚያው ወር ነው። የአያንቱ ሳህን ቁጥሩ አሥራ ሰባት ነበር፤ ወርቄ ስብሰባው ላይ ከፊት ተቀምጣ፣ ከፊት ተሰልፋ ወሰደችው።

አያንቱን ሱሪው ውስጥ ከትቼ ሳንጠለጥላት አልጮኸችም። ዝም ብላ አየችኝ። ነጥቡ ከታችኛው መስመር በታች ወረደ። የትል መድኃኒት ሰጠሁ፣ ለወባ ደሟን አስመረመርኩ፤ ምንም የለም። በሚቀጥለው ወር ነጥቡ ይበልጥ ወረደ። በሦስተኛው ወር አንገቷ ራሷን የሚሸከም አልመስል አለኝ፤ እንዲህ የሆነ ልጅ ወር ሁለት ወር እንደማይቆይ በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ። ፈራሁ። ፈሪ ሰው ደግሞ ይቆጣል።

«ሳህን ተሰጥቶሻል አይደለም እንዴ?»

«ተሰጥቶኛል ዶክተር።»

«ታዲያ የሷን ማን ነው የሚበላባት?»

«ኧረ ማንም! እኔ እናቷ እንኳ ጣቴን አስገብቼበት አላውቅም። ምሳዋን ሞልቼላት ነው የምወጣ፤ ጎረቤቴ እማማ በለጡ ያዩዋታል። ማታ ስመጣ ምግቡ እንዳለ ነው። ማታም እሰጣታለሁ፤ ታየዋለች እንጂ አትነካውም፤ በሻይና በወተት ብጤ ነው ያለችው።»

አላመንኳትም። መዝገቡን ከፍቼ «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ውስጥ «የእናት ቸልተኝነት» ብዬ ጻፍኩ። በሦስት ጣት ስፋት ልክ ገባ። ቀና ስል ወርቄ መዝገቡን በግልባጩ አቅጣጫ እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። «ቸል... ተኝ... ነት» አለች፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች። መሠረተ ትምህርት ጨርሳ የምስክር ወረቀት ከወሰደች ገና ስድስት ወሯ ነበር፤ እኔ ረስቼዋለሁ። ማንበብ ከቻለች ወዲህ ስለ ራሷ የተጻፈ ነገር ስታነብ ያ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ልጇን አዝላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በማግስቱ እህል አልወርድልህ አለኝ። በምሳ ሰዓት የምሳ ዕቃዬን እንደያዝኩ ወደ ወርቄ ቤት ሄድኩ፤ ቸልተኝነቱን በዓይኔ አይቼ ልገላገል ብዬ ነው።

እማማ በለጡ ከራሳቸው ደጃፍ ጥላው ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እርጅና የተጫናቸው ጎረቤት ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም ቢልም ጆሯቸው የሰፈሩን ሁሉ ይሰማል። አያንቱ በወርቄ ቤት በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ ሳህን ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ፍትፍት ሞልቶበት። ዝንብ እንዳያርፍበት እማማ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገውበታል። ልጅቷ ጨርቁን ገልጣ ታያለች፣ ትከድናለች፣ መንገዱን ታያለች። እንደገና ትገልጣለች።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ናት?» አልኳቸው።

«እንደዚሁ ናት ልጄ።»

«እርስዎስ ትንሽ አያጎርሷትም? አብረው ቀመስ አያደርጉም?»

እንዝርታቸውን አቆሙ። «እኔ እንግዲህ ጾመኛ ነኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይገባኝ። ጾሙስ ግድ የለም፣ አርጅቻለሁ፣ የነፍስ አባቴን ብለምን ይፈቱልኛል። የቀበሌውን ግን ማንን ልለምን? ‘ያስገባ ይጠየቃል’ አልተባለም?»

ሣቄ መጣ፤ ወዲያውም ጠፋ። ንግግሬ፣ ያ የተጨበጨበለት ንግግሬ፣ በእኚህ ሴትዮ ደጃፍ ሕግ ሆኖ ተቀምጧል። እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው በስንትና ስንት ነገር ቀበሌ ጠርቶ የጠየቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ስለ ሳህን አይጠየቁም ብለው በምን ይመኑ?

ደከመኝ። ደፉ ላይ፣ ከአያንቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ራበኝም። የምሳ ዕቃዬን ከፈትኩና ልጎርስ ስል አያንቱ ዞር ብላ አየችኝ። እጇን ወደ ሳህኗ ሰደደች፣ በአምስት ጣቷ ፍትፍት ጨበጠች፣ ግማሹ እየተንጠባጠበ ወደ አፌ ዘረጋችልኝ። «ኛዹ» አለች፤ በኦሮምኛ «ብላ» ማለቷ ነው። ጎረስኩ። ምን ላድርግ? ከዚያ አፏን ከፍታ ቆየች። ቆየች፣ ቆየች፣ ዓይኗን ሳትነቅል። ተራዋን እየጠበቀች ነበር።

አጎረስኳት። አላምጣ ዋጠችና እንደገና ለኔ ጨበጠች። እንዲህ ተራ በተራ እየተጎራረስን ሳህን ቁጥር አሥራ ሰባት ባዶ ሆነ፤ የምሳ ዕቃዬም ባዶ ሆነ። እማማ በለጡ ጥጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ «አባቷ ነው፣ እናቷ መጋዘን ስትውል፣ እንዲህ ያስለመዳት። መጀመሪያ እሷ ታጎርሰዋለች፣ ከዚያ እሱ ያጎርሳታል። እሱ ሳይጎርስ እሷ አትጎርስም ነበር» አሉ። የነገሩኝ እንደ ድሮ ወሬ እንጂ እንደ መድኃኒት አልነበረም።

ልጅቷ እህል አልጠላችም። ጥርስም አይደለም፣ ዓይንም አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ የምታጎርሰው ሰው አጥታ ነው የቆየችው። በሥነ ሥርዓት ያደገች ልጅ ናት፤ አንድ ሰው ሳይቀምስ እጇን ሰድዳ አትበላም። እኛ ደግሞ የሚቀምሰውን ሁሉ በሞንታርቦ አባረርንባት።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ለማንም አልነገርኩም፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልናገረው። የዚያኑ ቀን ወርቄን መጋዘን ድረስ ሄጄ ልነግራት እችል ነበር። «ሌላ ነገር የለም፣ አብረሻት ብዪ፣ እማማም ይብሉ፣ ያ የኔ ንግግር ይቅርብሽ» ብላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አልነገርኳትም። ነገ እነግራታለሁ ብዬ በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ተጎራረስን። በሦስተኛውም ቀን ሄድኩ። ምሳ የሚባል ነገር ሰው የሚጠብቀው ነገር መሆኑን ረስቼው ኖሮ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ። ወጥ ስሠራ ጨው እቀምሳለሁ፤ ለሷ እንዳይበዛባት። ደስ ብሎኝ ነበር። ይኸው ነው፤ ደስ ብሎኝ ስለነበር ነው ያልተናገርኩት።

ሁለት ወር ሄደ። ማክሰኞ ማክሰኞ ነጥቡ ሽቅብ ይወጣል። አያንቱ ሱሪው ውስጥ ስትገባ መጮኽ ጀመረች፤ እንዴት ያለ ጩኸት! ሱሪዬም ወገቤ ላይ ጠበበኝ። ሰፈሩ እንግዲህ ሰፈር ነው፤ ላጤ ዶክተር የወታደር ሚስት ቤት ምሳ ይበላል መባሉ አልቀረም። ጓዲት አስካለ ጠርታ «ጓድ፣ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ወርቄ በዚያ ሰዓት መጋዘን እንደሆነች፣ እማማ በለጡ ደጃፍ ላይ እንደሆኑ ማስረዳት ይቻል ነበር። እኔ ግን «ክትትል ነው» አልኩ። በዚያ ዘመን ክትትል የሚለው ቃል የማይከፍተው በር አልነበረም። ጓዲት አስካለ ራሷን ነቅንቃ በማስታወሻዋ ጻፈችው።

ወርቄም ታመሰግነኝ ነበር። መዝገቡ ላይ ያን ነገር የጻፍኩባት ሴት፣ እንቁላል ባገኘች ቀን ለኔ ብላ እማማ ዘንድ ታስቀምጣለች። እንቁላሉን በላሁት።

ከዚያ ደብረ ዘይት ለስብሰባ ተጠራሁ። አሥር ቀን። ስለ ሕፃናት አመጋገብ ነው፤ ማታ ማታ በትልቅ አዳራሽ፣ እያንዳንዳችን በራሳችን ሳህን፣ ፊት ለፊት ግድግዳ እያየን እንበላለን። በሦስተኛው ቀን ስለ አያንቱ ማሰብ ጀመርኩ። በአምስተኛው ቀን ሐይቁን አሻግሬ እያየሁ፣ ምሳ ሰዓት ነው፣ ጨርቁን ገልጣ እየከደነች ነው አልኩ። በስምንተኛው ቀን ጠፍቼ ልመጣ ፈለግኩ፤ ያን ጊዜ ከስብሰባ የሚጠፋ ሰው ደግሞ ሌላ ስብሰባ ላይ ስሙ ይነሣል። አሥሩን ቀን ጨርሼ መጣሁ።

ማክሰኞ አያንቱን ስሰቅላት አልጮኸችም።

ነጥቡን አደረግኩ። ሁለት ወር ሙሉ የገነባነው በአሥር ቀን ተንዷል። ወርቄ ካርዱን አይታ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔ ምን እንደሆንኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅቷ መድኃኒት አግኝታ አልነበረም፤ መድኃኒቱን በኪሴ ይዤ እየዞርኩ፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስሰጣት ነው የቆየሁት። ለሷ ስል አይደለም፤ ለራሴ ምሳ ስል።

እዚያው፣ ሌሎቹ እናቶች በተሰለፉበት፣ ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት። አባቷን ታጎርስ እንደነበር፣ እኔን እንደምታጎርሰኝ፣ ይህን ካወቅሁ ሁለት ወር እንደሆነኝ፣ ሳህኑ ለብቻዋ ይሁን እንጂ እሷ ለብቻዋ መሆን እንደሌለባት፣ ያ ሁሉ የኔ የድንቁርና ንግግር እንደሆነ። ወርቄ ልጇን ከሱሪው አውጥታ አቀፈቻት።

«እኔ እኮ...» አለች፣ «እኔ እኮ በኔ ጥፋት መስሎኝ ነው ዶክተር። ቸልተኛ ነኝ ብዬ፣ ጡቴንም ሥራዬንም ስረግም ነው የከረምኩት። ማታ ማታ ፊቴን አዙሬ ነው የምበላው፣ ከሷ ድርሻ የምወስድ እንዳይመስልብኝ።»

ይቅርታ አልኳት።

«ይሁን። ብቻ ለእማማ እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እኔ ብላቸው አያምኑኝም» አለች።

ጓዲት አስካለን ይዤ ሄድኩ። ጓዲት አስካለ በእማማ በለጡ ደጃፍ ቆማ፣ በሳህን ቁጥር አሥራ ሰባት ውስጥ እጅ ማስገባት እንደማያስጠይቅ በይፋ አስታወቀች። የነፍስ አባትም ተለመኑ፤ ፈቱላቸው። ወርቄ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ልጇን ቀስቅሳ አብራት ትበላለች፤ ማታም እንደዚሁ፤ ምሳ የእማማ ሆነ። ሁለት ሦስት ቀን ለማየት ሄጄ ነበር። እማማ ጥርስ ስለሌላቸው ጉርሻው እስኪላመጥ ድረስ አያንቱ አፏን ከፍታ በትዕግሥት ትጠብቃቸዋለች። እኔንም አንድ ጊዜ አጎረሰችኝ፤ እንደ እንግዳ። ከዚያ በኋላ ምሳዬን ክሊኒኩ ውስጥ፣ ሚዛኑ ሥር ተቀምጬ መብላት ጀመርኩ።

በአራት ወር አያንቱ ከመዝገቡ ወጣች። ከአውራጃው አንድ ጓድ ቅጽ ይዞ መጥቶ መዝገቡን እያገላበጠ፣ «ይህችን ምን አዳናት? እዚህ ሙላ» አለኝ። «መጀመሪያ ይህን ‘የእናት ቸልተኝነት’ የሚለውን ልሰርዝ» አልኩት። መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ እንደማይፈቀድ ነገረኝ። እንግዲያው ለዳነችበት «አብሯት የሚበላ ሰው በማግኘቷ» ብዬ ልጻፍ አልኩ። ጓዱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስክሪብቶውን አፉ ላይ አድርጎ ሊረዳኝ ሞከረ። «ቅጹ ላይ ያለው ምግብ፣ ውኃ፣ መድኃኒት፣ ትምህርት ነው። ከነዚህ አንዱን ምረጥ» አለ። «ትምህርት» ብዬ ጻፍኩ። ማን ማንን እንዳስተማረ ቅጹ አይጠይቅም። በዚህ ዓይነት ወርቄ እስከ ዛሬ፣ መዝገቡ ምስጥ ካልበላው፣ ቸልተኛ የነበረችና በኔ ትምህርት የታረመች እናት ናት።

ቀበሌያችን የምስክር ወረቀት ተሸለመ። እኔም ተሸለምኩ፤ አቦምሳ ተዛውሬ የሳህኑን ዘመቻ እንዳስተምር ታዘዝኩ። አቦምሳ አማቶች፣ አጎቶች፣ የልጅ ልጆች በአንድ ትሪ ዙሪያ የሚቀመጡበት አገር ነው። እዚያ እኔ፣ በናዝሬት ከተማ ብቻውን በመብላት የታወቅሁት ሰው፣ ሳህን እንዴት እንደሚለይ ላስተምር ነው።

አስተማርኩም። «ለሕፃኑ ሳህን ስጡት፣ ከአጠገቡ ግን አትነሡ፤ ቢያጎርሳችሁ ጉረሱ» እል ነበር። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ይኼ ከመመሪያው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ከአንዲት ባለሙያ የተማርኩት ነው» አልኳቸው። ባለሙያዋ ስታስተምረኝ ሦስት ዓመት እንዳልሞላት አልነገርኳቸውም።

ከናዝሬት ከመነሣቴ በፊት ወርቄ ሳህኑን መለሰች። ከፍ ያለ ልጅ ሳህን ለሌላ ልጅ ይተላለፋል፤ ደንቡ ነው። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ በነጩ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ። ተቀብዬ ፈረምኩ። ግን ለማንም አላስተላለፍኩትም። በመንግሥት ንብረት ላይ የፈጸምኩት ወንጀል ይህ ብቻ ነው፤ መንግሥቱም ሄዷልና አሁን ብናገር የሚጠይቀኝ የለም። ሳህኑ ይኸው ከኔ ጋር አርጅቷል፤ ጠርዙ ተልጧል፣ ከጀርባው ቁጥሩ ደብዝዞ ሰባቱ ብቻ ቀርቷል። አያንቱ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም፤ የልጆች እናት ሆና ይሆናል። አባቷ ይመለስ አይመለስም አልሰማሁም፤ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

ምሳዬን የምበላው በዚሁ ሳህን ነው። እጄን እታጠባለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልዬ አነሣለሁ፣ ከዚያ ትንሽ እጠብቃለሁ። ማንን እንደምጠብቅ ብትጠይቁኝ እኔም አላውቅም። ወጡ መቀዝቀዝ ሲጀምር እኔው እጎርሳታለሁ።